እርሾ በሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ፦ የትኛው ዓይነት ለየትኛው እርባታ ይስማማል?

ለሥጋ ዶሮ እርባታ ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ለመኖ ይውላል፤ ከመኖውም ውስጥ አርቢውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው የፕሮቲኑ ምንጭ ነው። በቆሎና ፉርሽካ ከቅርብ ገበያ ሲገኙ፣ አኩሪ አተርን ግን ዘይት ጨማቂው፣ ላኪውና የምግብ ፋብሪካው ስለሚሻሙበት አርቢው በፈለገው ጊዜና ዋጋ አያገኘውም። በሌላ በኩል በሰበታ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐረር፣ በጎንደር፣ በደብረ ብርሃን፣ በበደሌና በሐዋሳ የቢራ ፋብሪካዎች አሉ፤ ከሚጠመቀው ቢራ መጠንም ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ያህሉ ትርፍ እርሾ ሆኖ ከጋኑ ሥር ይወጣል። ከዚህ ጎን ለጎን በእንስሳት መድኃኒት መደብሮች ከእርሾ የተዘጋጁ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸጉና በኪሎ ውድ የሆኑ ልዩ ልዩ ምርቶች ይሸጣሉ። አርቢው ከእነዚህ መካከል እንዴት ይምረጥ?

ምርጫው መጀመር ያለበት ከዋጋ ሳይሆን ከዓላማው ነው። እርሾ ወደ ዶሮ መኖ የሚገባው በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነው። አንደኛው ፕሮቲን እንዲሆን ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የሚጨመረው በአንድ ቶን መኖ ውስጥ በአሥር ኪሎዎች እየተቆጠረ ነው፤ ተፎካካሪዎቹም አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎና የሰሊጥ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ናቸው። ሁለተኛው የአንጀትን ጤና እንዲደግፍ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ለአንድ ቶን የሚበቃው ከግማሽ ኪሎ እስከ ሁለት ኪሎ ነው፤ ፕሮቲኑም ከቁጥር አይገባም። ለመጀመሪያው ዓላማ የሁለተኛውን ምርት የሚገዛ አርቢ ገንዘቡን ያባክናል፤ ለሁለተኛው ዓላማ የመጀመሪያውን የሚጠቀምም የጠበቀውን ውጤት አያገኝም። ስለዚህ ንጽጽሩን በሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል።

የደረቀ የቢራ እርሾና የአኩሪ አተር ፋጉሎ

በፋብሪካ የደረቀ የቢራ እርሾ በጥሩ ሁኔታ ከተዘጋጀ ጠንካራ የፕሮቲን ምንጭ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዶሮ የምግብ ፍላጎት ሰንጠረዥ መሠረት የደረቀ የቢራ እርሾ 44.4 በመቶ ጠቅላላ ፕሮቲን፣ 3.23 በመቶ ላይሲን፣ 0.70 በመቶ ሜቲዮኒን (ሁለቱም ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው) እና በኪሎ 1,990 ኪሎ ካሎሪ ዶሮ ሊጠቀምበት የሚችል ኃይል አለው። በዚያው ሰንጠረዥ 44 በመቶ ፕሮቲን ያለው የአኩሪ አተር ፋጉሎ 2.69 በመቶ ላይሲን፣ 0.62 በመቶ ሜቲዮኒን እና 2,230 ኪሎ ካሎሪ ይዞ ተቀምጧል። ቁጥሮቹን ብቻ ለሚያይ ሰው እርሾው የበለጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ጉዳዮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

የመጀመሪያው ጠቅላላ ፕሮቲን የሚባለው ቁጥር የሚሰላበት መንገድ ነው። ላቦራቶሪ የሚለካው ናይትሮጅንን ሲሆን፣ የተገኘውን በ6.25 አባዝቶ ፕሮቲን ብሎ ይመዘግባል። በእርሾ ውስጥ ግን የናይትሮጅኑ አንድ ክፍል ያለው በፕሮቲን ውስጥ ሳይሆን በኑክሊክ አሲድ ውስጥ ነው፤ ኑክሊክ አሲዱም ከደረቁ እርሾ ክብደት ከ6 እስከ 12 በመቶ ይደርሳል። ዶሮ ይህን ናይትሮጅን ሥጋ አያደርገውም፤ ወደ ዩሪክ አሲድ ለውጦ በነጩ ኩስ ያስወግደዋል። ስለሆነም መጠኑ ሲበዛ የኩላሊት ሥራ ይጨምራል፤ ዶሮውም ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፤ ከእርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ የአሞኒያ ሽታና የእግር ቁስል ይከተላሉ። በዚህ ምክንያት እርሾ የያዘ መኖ መቀመር ያለበት በጠቅላላ ፕሮቲን ሳይሆን በላይሲን፣ በሜቲዮኒንና በሌሎቹ አሚኖ አሲዶች መጠን ነው።

ሁለተኛው ሜቲዮኒንና ሲስቲን አንድ ላይ ሲታዩ የሚገኘው ውጤት ነው። በእርሾው ውስጥ ሁለቱ ተደምረው 1.20 በመቶ ሲሆኑ በአኩሪ አተር ፋጉሎው 1.28 በመቶ ናቸው። የሥጋ ዶሮ ላባና ጡንቻ የሚሠሩት ከእነዚህ ስለሆነና አኩሪ አተሩ ራሱም በዚህ በኩል ስለሚያንስ፣ እርሾ ጉድለቱን አይሞላም። አርጂኒን ደግሞ ይበልጥ ይራራቃል፤ በአኩሪ አተር ፋጉሎ 3.14 በመቶ ሲሆን በእርሾው 2.19 በመቶ ብቻ ነው። ዶሮ አርጂኒንን በራሱ መሥራት ስለማይችል ይህ ልዩነት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ሦስተኛው ማዕድን ነው። እርሾ 1.40 በመቶ ፎስፎረስ እያለው ካልሲየሙ 0.12 በመቶ ብቻ ነው። ፎስፎረሱ ጥቅም ነው፤ ውድ የሆነውን የፎስፌት ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ በዚያው ልክ ካልተስተካከለ የሁለቱ ማዕድናት ሚዛን ይዛባል፤ በፍጥነት ክብደት የሚጨምር የሥጋ ዶሮ ደግሞ የአጥንት ድክመትን የሚያሳየው በእግሩ ነው።

እነዚህን በአንድ ምሳሌ እንያቸው። በአንድ ቶን መኖ ውስጥ 50 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ወጥቶ 50 ኪሎ የደረቀ እርሾ ቢገባ፣ ማለትም 5 በመቶ ቢሆን፣ ላይሲኑ በ270 ግራም ይጨምራል፤ አርጂኒኑ በ475 ግራም ይቀንሳል፤ ኃይሉ ደግሞ በእያንዳንዱ ኪሎ መኖ በ12 ኪሎ ካሎሪ ይወርዳል። የኃይሉን ጉድለት ለመሙላት በቶን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ዘይት ይበቃል። በዚህ መጠን የሚደረግ ልውውጥ የዶሮውን ዕድገት የሚጎዳበት ምክንያት የለም፤ ዋጋው ካዋጣ ያለ ስጋት ሊደረግ ይችላል። ከ5 በመቶ በላይ መሄድ የሚቻለው በመጨረሻው የማድለቢያ ጊዜ ሲሆን፣ አሚኖ አሲዶቹን በትክክል የሚያሰላ ባለሙያ በሌለበት እርባታ ከዚያ ማለፍን አልመክርም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት፣ የጫጩቱ አንጀት ገና በሚጎለምስበት ወቅት፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ማለፍ አያስፈልግም።

ከኑግና ከሰሊጥ ፋጉሎ ጋር ሲቀናጅ

እርሾን ከአኩሪ አተር ጋር ብቻ እያወዳደሩ መወሰን ለኢትዮጵያ አርቢ ያልተሟላ ንጽጽር ነው፤ እንዲያውም የእርሾ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ከአኩሪ አተር ይልቅ በስፋት የሚገኙት የኑግ ፋጉሎና የሰሊጥ ፋጉሎ ናቸው። ሁለቱም ላይሲን ያንሳቸዋል፤ በሜቲዮኒን ግን የተሻሉ ናቸው፤ ሰሊጥ በአርጂኒንም የታወቀ ሀብታም ነው። እርሾ ደግሞ በላይሲን የበለጸገ ሆኖ በሜቲዮኒንና በአርጂኒን ይደክማል። አንዱ የሌለውን ሌላው ስለሚያመጣ፣ የሁለቱ ጥምረት ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ፕሮቲን ይሆናል።

እርግጥ የኑግ ፋጉሎ ከአኩሪ አተር ፋጉሎ በእጅጉ የበዛ አሰር (ዶሮ የማይፈጨው ቃጫ) ስላለው በሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ ያለ ገደብ ሊገባ አይችልም። እርሾ አሰሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ግን የቅይጡን አማካይ አሰር ያወርደዋል። አኩሪ አተር እጅግ በተወደደበት ወቅት፣ የአኩሪ አተሩን አንድ ክፍል በእርሾ ብቻ ከመተካት ይልቅ በኑግ ወይም በሰሊጥ ፋጉሎና በእርሾ ድምር መተካት ሁለት ጥቅም አለው፤ የሚገዛው ሰው ሠራሽ ላይሲን ይቀንሳል፤ የአርጂኒኑም ጉድለት በከፊል ይሞላል። ሰው ሠራሽ ላይሲንና ሜቲዮኒን ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው አንዳንድ ጊዜ ከገበያ ሲጠፉ፣ ይህ ቅንጅት አርቢውን ከድንገተኛ ጉድለት የሚያወጣው ስለሆነ በሚገባ ሊታሰብበት ይገባል።

እርጥብ የቢራ እርሾ፦ ርካሽ የሚሆነው መቼ ነው?

ከፋብሪካው በቀጥታ የሚወጣው እርሾ የደረቀ ዱቄት ሳይሆን ወፍራም ፈሳሽ ነው። ደረቅ ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ የቀረው ውኃና ትንሽ ቢራ ነው። በበርሜል ርካሽ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። 12 በመቶ ደረቅ ይዘት ያለው እርጥብ እርሾ ብንወስድና የደረቁ ክፍል ፕሮቲን 45 በመቶ ነው ብንል፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 54 ግራም ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ውስጥ ያለው 440 ግራም ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ፋጉሎ የሚሰጠውን ለማግኘት ከስምንት ኪሎ በላይ እርጥብ እርሾ መጫን ግድ ይላል። በመሆኑም እርጥብ እርሾ፣ የማጓጓዣው ክፍያ ተጨምሮ እርባታው በር ላይ ሲደርስ፣ በኪሎ ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ዋጋ አንድ ስምንተኛ በታች ካልሆነ፣ ገና ከመነሻው አያዋጣም፤ የማሞቂያውና የማድረቂያው ወጪም ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

እርጥብ እርሾ ሕያው ስለሆነ ካልተገደለ በስተቀር ለዶሮ መሰጠት የለበትም። በብዛት የገባ ሕያው እርሾ በአንጀት ውስጥ እየፈላ ጋዝ ይፈጥራል፤ ዶሮው የሚያስፈልጉትን የቢ ቪታሚኖች፣ በተለይም ታያሚንን፣ ይሻማል። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሩብ ሰዓት ያህል እያማሰሉ ማሞቅ ሕዋሱን ይገድለዋል፤ ሙቀቱ ከዚህ በላይ ሲያልፍና ከሥር ሲያር ግን ላይሲኑ ይጎዳል፤ እርሾውን ለመግዛት ያበቃን ዋናው ሀብትም ይህ ላይሲን ነው። ፋብሪካው ራሱ በእንፋሎት ገድሎ የሚሸጥ ከሆነ ትንሽ ቢወደድም እርሱን መምረጥ ይሻላል። ከመግዛት በፊትም እርሾው የተወሰደው መቼ እንደሆነና ሞቅቶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሞቃት አካባቢ ያልሞቀ እርሾ ከአንድ ቀን በኋላ ሕዋሱ እየፈረሰ ይገማልና።

ማድረቁ ዋነኛው ፈተና ነው። ከ1,000 ኪሎ እርጥብ እርሾ 90 በመቶ ደረቅ የሆነ 133 ኪሎ ዱቄት ለማግኘት 867 ኪሎ ውኃ መትነን አለበት። ይህን ውኃ ለማትነን ብቻ፣ ምንም ሙቀት ሳይባክን፣ ወደ 540 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በተግባር የሚወጣው ከዚህ ይበልጣል። ለአንድ ኪሎ ደረቅ እርሾ ቢያንስ አራት ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ስለሆነም በትንሽ እርባታ በኤሌክትሪክ ወይም በማገዶ እርሾ ማድረቅ ትርፋማ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ይህ ሥራ ለፋብሪካ የተተወ ቢሆን ይመረጣል።

ብዙዎች የሚከተሉት ሌላው መንገድ እርሾውን ከደረቅ መኖ ጋር አቅይጦ በፀሐይ ማድረቅ ነው። እዚህ ላይ ምን ዓይነት ደረቅ መኖ እንደሚመረጥ ውጤቱን በሙሉ ይለውጠዋል። 100 ኪሎ ፉርሽካ ከ100 ኪሎ እርጥብ እርሾ ጋር ቢቀየጥና ቢደርቅ፣ ከ15 በመቶ ገደማ የነበረው የፉርሽካ ፕሮቲን ወደ 18 በመቶ ገደማ ይወጣል። የተሻለ ፉርሽካ ተገኘ እንጂ አኩሪ አተርን የሚተካ ነገር አልተገኘም፤ አሰሩም አብሮ ይመጣል። ይህ ቅይጥ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ወይም ለወተት ላም ይሆናል፤ በ42 ቀን ለገበያ ለሚደርስ የሥጋ ዶሮ ግን ቦታው ጠባብ ነው። ከቢራ ብቅል ተረፈ ምርት ጋር የተቀየጠ እርሾም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ የብቅሉ ተረፈ ምርት የገብስ ገለባውን ስለያዘ አሰሩ ብዙ ነው። እርሾው ከተፈጨ የኑግ ወይም የሰሊጥ ፋጉሎ ጋር ቢቀየጥ ግን፣ የቅይጡ ፕሮቲን በመቶኛ ብዙም ባይለወጥም የጎደለው ላይሲን ይገባበታል፤ ፋጉሎውም በማንኛውም ሁኔታ ወደ መኖው የሚገባ ስለነበር ትርፍ አሰር አልተጨመረም። ቅይጡ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት በንጹሕ ሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተገላበጠ፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች እስኪወርድ መድረቅ አለበት። በክረምት ይህን መሞከር ሻጋታ ማምረት ስለሚሆን እስከ መስከረም መታገሥ ይገባል።

በጥቂቱ የሚጨመሩ የእርሾ ምርቶች

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓላማ እንለፍ። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ማፋጠኛ በመኖ ውስጥ የሚጨመሩ ፀረ ተሕዋስያንን ከጥር 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከከለከለ በኋላ፣ የአንጀትን ጤና በሌላ መንገድ የሚደግፉ ምርቶች ፍላጎት በእጅጉ አድጓል፤ የእርሾ ምርቶችም ከእነዚህ ግንባር ቀደም ናቸው። መድኃኒት የለመዱ ተሕዋስያን በእኛም አገር የሰውና የእንስሳት ሕክምና አሳሳቢ ጉዳይ ስለሆኑ፣ በየሳምንቱ ፀረ ተሕዋስያን በውኃ ከመበጥበጥ ወደ እነዚህ ምርቶች መዞር በጽኑ የሚደገፍ እርምጃ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ለሥጋ ዶሮ የበለጠ የማምንበት የእርሾ ሕዋስ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከእርሾው ደረቅ ክብደት ሩብ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ የሚሆን ሲሆን፣ ከውጭ ማናን፣ ከውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባሉ የስኳር ሰንሰለቶች አሉት። አሠራሩ ግልጽ ነው። ኢ. ኮላይ እና ሳልሞኔላ የአንጀትን ግድግዳ የሚጨብጡት ፀጉር በመሰሉ ጥቃቅን መያዣዎች ሲሆን፣ የብዙዎቹ መያዣ የሚፈልገው ማኖስ የሚባለውን ስኳር ነው። በመኖው ውስጥ ማናን ሲገኝ ባክቴሪያው እርሱን ይጨብጥና ከኩስ ጋር ይወጣል። ቤታ ግሉካኑ በበኩሉ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ያነቃቃል። ግድግዳው ሕይወት የሌለው ነገር በመሆኑም ሙቀት አይገድለውም፤ ፔሌት (በሙቀት ተጨምቆ የተድቦለቦለ መኖ) የሚሠራ ፋብሪካም ሆነ በአካፋ የሚያደባልቅ አርቢ እኩል ሊጠቀምበት ይችላል። የተለመደው መጠን በቶን ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ሲሆን፣ ከፍተኛውን በስታርተር (በጫጩቱ የመጀመሪያ መኖ) ሰጥቶ በኋላ መቀነስ ገንዘብ ይቆጥባል።

ሕያው እርሾ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምርቱ በአንድ ግራም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕያው ሕዋሳት አሉት ተብሎ ይሸጣል፤ የሚሠራውም ሕዋሳቱ ሕያው ሆነው አንጀት ሲደርሱ ነው። የተለመደው እርሾ በደንብ የሚራባው በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ እርሾው በአንጀት ውስጥ ሥር ሰድዶ አይኖርም፤ በየቀኑ ከመኖው ጋር ካልገባ ጥቅሙ ይቋረጣል። የፔሌት ማሽን ሙቀትም ከ70 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ለሙቀት መከላከያ ያልተለበጠ ሕያው እርሾ ከማሽኑ ሲወጣ ሞቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሕያው እርሾ በዱቄት መኖ ለሚመግብ፣ ምርቱን በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ለሚያስቀምጥ፣ የአገልግሎት ጊዜውንም ለሚከታተል አርቢ ይሆናል። እነዚህን ለማሟላት የማይችል ሰው የሕዋስ ግድግዳውን ቢመርጥ ይበጀዋል። የእርሾ ውጥ የሚባለው፣ ማለትም እርሾው ከበቀለበት ማብቀያ ጋር አብሮ የደረቀው፣ ከሁለቱ መካከል የሚቆም ሲሆን ይዘቱ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በመለያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም።

የሴሊኒየም እርሾም አለ፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። በሴሊኒየም ውስጥ የበቀለ እርሾ ማዕድኑን ከአሚኖ አሲድ ጋር አዋህዶ ስለሚይዘው ሰውነት በተሻለ ይጠቀምበታል። ፕሪሚክሱ (የቪታሚንና የማዕድን ቅይጡ) ሴሊኒየም አስቀድሞ ካለው መደረብ አደገኛ ነው፤ የሥጋ ዶሮ የሚያስፈልገው በኪሎ መኖ 0.15 ሚሊ ግራም ብቻ ሲሆን፣ ሲበዛ መርዝ ይሆናልና።

ማናቸውም ቢሆኑ የክትባትንና የኮክሲዲዮሲስን (በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ የአንጀት በሽታ) መከላከያ ቦታ አይወስዱም። ፈንግልና ጉምቦሮ ቫይረሶች ናቸው፤ ማኖስም አይጨብጡም። በንጹሕ ቤት፣ በጥሩ ጫጩትና በተመጣጠነ መኖ በሚሠራ እርባታ የእነዚህ ጭማሪዎች ውጤት ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ጎልቶ የሚታየው ዶሮዎቹ በተጨናነቁበት፣ ጉዝጓዙ በተደጋገመበትና የአንጀት በሽታ በተለመደበት ቤት ነው። ሻጭ ይህን ስለማይነግር አርቢው ራሱ ሊያውቀው ይገባል።

የዳቦ እርሾና አተላ

በየሱቁ የሚሸጠውን ደረቅ የዳቦ እርሾ ለዶሮ የሚሰጡ አርቢዎች አሉ። ዝርያው ከቢራው እርሾ ጋር አንድ ነው፤ ለሰው ምግብ የተመረተ ስለሆነም ንጽሕናው አያጠራጥርም። እንደ ፕሮቲን ሲታይ ግን ዋጋው ከማናቸውም ፋጉሎ ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። እንደ ጭማሪ በቶን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ በዱቄት መኖ ውስጥ ቢገባ የሕያው እርሾን ሥራ በከፊል ሊሠራ ይችላል፤ ለዶሮ አንጀት ተመርጦ የተዘጋጀ ዝርያ ግን አይደለም። እርሾውን በስኳር አሟሙቶ በመጠጥ ውኃ መስጠትን ግን እቃወማለሁ። ስኳርና እርሾ ያለበት ውኃ በቧንቧውና በመጠጫው ውስጥ ዝልግልግ ሽፋን ይፈጥራል፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ የሚራቡት ደግሞ ልንከላከላቸው የፈለግናቸው ባክቴሪያዎች ናቸው።

የጠላና የአረቄ አተላም እርሾ አለው፤ ነገር ግን አብዛኛው የእህል ገለባና የጌሾ ቅሪት ሲሆን፣ የውኃው መጠንና የአልኮሉ ቅሪት ከጋን ጋን ይለያያል። በግቢ ለሚለቀቅ የአበሻ ዶሮ ተጨማሪ ምግብ ሊሆን ይችላል፤ ለሥጋ ዶሮ ግን አይመከርም።

ስለ አፍላቶክሲን

በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ጥናት የአፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ) ዋና ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አሳይቷል፤ ፋጉሎውን ለዶሮ የሚገዛ ሰውም ይህን ማወቅ አለበት። የእርሾ ሕዋስ ግድግዳ የሻጋታ መርዝ ይይዛል ተብሎ ይሸጣል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በአፍላቶክሲን ላይ ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ አፈር ዓይነት የተሻለ ይዞታ አለው፤ የእርሾው ግድግዳ ይበልጥ የሚጠቅመው እንደ ዜራሌኖን ባሉ በሸክላው በደንብ በማይያዙ መርዞች ላይ ነው። ስለሆነም የአንድ አርቢ ዋና ስጋት ከፋጉሎና ከለውዝ የሚመጣ አፍላቶክሲን ከሆነ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ በደረቀና ባልሻገተ ፋጉሎ፣ ቀጥሎ በቤንቶናይት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በእርሾ ግድግዳ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ሒሳቡና የቤት ውስጥ ሙከራው

ለፕሮቲን የሚገዛ እርሾ የሚወዳደረው በኪሎ ላይሲን ዋጋ ነው። የእያንዳንዱን መኖ የኪሎ ዋጋ ለላይሲኑ መጠን ማካፈል በቂ ነው፤ የእርሾውን ዋጋ ለ0.0323፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎውን ለ0.0269 አካፍሎ ያነሰውን ውጤት መውሰድ ይቻላል። ሻጩ የላቦራቶሪ ውጤት ካለው ከሰንጠረዡ ይልቅ እርሱን መጠቀም ይገባል፤ የእርሾው እርጥበትና የዐመዱ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና።

በጥቂቱ የሚጨመረው ምርት ደግሞ የሚለካው በሚያተርፈው መኖ ነው። 1,000 ዶሮዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ እስኪደርሱ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.80 ኪሎ መኖ ቢበሉ ድምሩ 3,600 ኪሎ ነው። ጭማሪው ይህን ወደ 1.75 ቢያወርደው 3,500 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ኩንታል መኖ ተረፈ ማለት ነው። በቶን አንድ ኪሎ ሒሳብ ያስፈለገው ምርት 3.5 ኪሎ ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ ምርት የሚያዋጣው ዋጋው ከ28 ኪሎ መኖ ዋጋ ካልበለጠ ነው፤ የሞት ቅነሳ ካለ ገደቡ ትንሽ ከፍ ይላል። ምርቱ በገበያ ከዚህ የሚወደድ ከሆነ፣ በስታርተር ብቻ መስጠት ወጪውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ዶሮ በዚያ ዕድሜ የሚበላው ከጠቅላላው ጥቂቱን ብቻ ነውና።

አንድ ኪሎ ምርትን በቀጥታ በአንድ ቶን ላይ መበተን ግን ገንዘብን መበተን ነው። አስቀድሞ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሚሆን የተፈጨ በቆሎ ጋር በሚገባ ማደባለቅ፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ማደባለቂያ ማስገባት ያስፈልጋል። ከመግዛት በፊት ምርቱ በእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መሠረት ሥራው በሚመለከተው አካል የተመዘገበ መሆኑን፣ በመለያው ላይም የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው በእርባታው መጠን ይወሰናል። ለቢራ ፋብሪካ ቅርብ የሆነና የራሱን መኖ የሚያዘጋጅ እርባታ፣ በፋብሪካ የሞቀ እርሾን ከኑግ ወይም ከሰሊጥ ፋጉሎ ጋር እያደረቀ እስከ 5 በመቶ ደረቅ እርሾ ቢጠቀም ከሁሉም የበለጠ ያተርፋል። ከፋብሪካ የራቀ ነገር ግን መኖ የሚቀምር እርባታ የደረቀውን ዱቄት በላይሲን ዋጋ እያወዳደረ፣ ሲረክስ ብቻ ሊገዛ ይችላል። የተዘጋጀ መኖ ገዝቶ ጥቂት መቶ ዶሮ የሚያሳድግ ሰው ግን የፕሮቲኑን እርሾ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ተመጥኖ የመጣውን መኖ ያዛባበታል። እርሱ የሚያስፈልገው ከሆነ የሕዋስ ግድግዳውን በስታርተር ውስጥ መጨመር ይበቃዋል፤ መኖው አስቀድሞ ይህን ይዞ እንደሆነም አምራቹን መጠየቅ አለበት።

የትኛውም ቢመረጥ፣ በአንድ ዙር በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ከልሎ መሞከር ይገባል። በሁለቱም ክፍል በአንድ ቀን የተፈለፈሉ እኩል ቁጥር ያላቸው ጫጩቶች ይግቡ፤ መጠጫው፣ ብርሃኑና የቦታው ስፋት እኩል ይሁን፤ የሚለየው መኖው ብቻ ይሁን። ለየክፍሉ የገባው መኖ በኪሎ፣ የሞቱትም ከነክብደታቸው በየቀኑ ይመዝገብ። በ21ኛውና በ42ኛው ቀን ከየክፍሉ ቢያንስ 50 ዶሮ ሳይመረጥ ተይዞ ይመዘን፤ ጉዝጓዙም በእጅ እየተጨበጠ እርጥበቱ ይታይ። የእርሾው ክፍል ጉዝጓዝ ከሌላው በግልጽ ከረጠበ፣ ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ በሚቀጥለው ዙር መጠኑ ወደ ግማሽ ይውረድና እንደገና ይመዘን።